የአዲስ አበባ ሳንባ እንዴት ይጠናል

አዲስ አበባ ላይ ደረቱን የሚያመው ሰው መጀመሪያ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ብርድ መቶኝ ነው።» ሳል ብርድ ነው። ውጋት ብርድ ነው። ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥርም ብርድ ነው። ሐኪም ቤት ሲደርስ ግን ይህ አንድ ቃል ይበታተናል። አስም ሊሆን ይችላል። ሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ቲቢ፣ ወይም ቲቢ ትቶት የሄደው ጠባሳ ሊሆን ይችላል። እነዚህን መለየትና የትኛው ሕክምና በትክክል እንደሚሠራ በሕመምተኞች ላይ ማጣራት የክሊኒካል ምርምር ሥራ ነው።

መሀል ከተማ ላይ የዚህ ሥራ ዋና ቤት ከቸርችል ጎዳና አጠገብ ያለው ጥቁር አንበሳ ነው። ሆስፒታሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ስለሆነ ከየክፍለ ሀገሩ የተላከ ከባድ ሕመም እዚያ ይደርሳል። በ2013 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የሳንባና የጽኑ ሕክምና ከፍተኛ ሥልጠና ተጀመረበት። ከዚያ በፊት የሳንባ ስፔሻሊስት ለመሆን አገር ጥሎ መሄድ ነበር። ይህ ለምርምርም ትልቅ ነገር ነው። የሚያጠና ሰው ከሌለ ካርድ ክፍል የተደረደረው ወረቀት ወረቀት ብቻ ነው።

የትንፋሽ ምርመራውን አይቶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ጠብ መስሎት ሊደነግጥ ይችላል። «ሳብ! ሳብ! አሁን ንፋ! ንፋ፣ ንፋ፣ ጨርስ!» እያለ ባለሙያው ይጮሃል። ስፓይሮሜትሪ ይባላል። ሰውየው ሙሉ አየር ስቦ ባለ በሌለ ኃይሉ ይተነፍሳል። መሣሪያው በመጀመሪያዋ አንድ ሴኮንድ ስንት እንደወጣ፣ በጠቅላላው ደግሞ ስንት እንደወጣ ይለካል። ቢያንስ ሦስት ጥሩ ትንፋሽ ያስፈልጋል። ከዚያ የአየር ቧንቧ የሚከፍት ሳልቡታሞል የሚባል መድኃኒት ይሰጠውና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይነፋል። የጠበበው ቧንቧ በደንብ ከተከፈተ ሐኪሙ ወደ አስም ያደላል።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። «ጤነኛ» የሚባለው ቁጥር የማን ነው? መሣሪያው የሰውየውን ትንፋሽ የሚያመዛዝነው በዕድሜ፣ በጾታና በቁመት ከሚመስሉት ጤነኛ ሰዎች ጋር ነው። በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ለጥቁር ሕዝብ ብሎ የያዘው ቁጥር በአብዛኛው ከአፍሪካ አሜሪካውያን የተሰበሰበ ነበር። የመርካቶ ነጋዴ በሌላ አገር ሰው ትንፋሽ ሲመዘን ቆየ ማለት ነው። በ2022 ዘር የማይለይ ሠንጠረዥ ወጣ። እኔን ብትጠይቁኝ ግን በራስ አገር ሰው የተለካን የሚተካ ነገር የለም።

ከፍታውም አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ጤነኛ ሰው ላይ 93 ወይም 94 ቢያሳይ አያስገርምም። ኮቪድ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ታማሚ በመጋቢት 2020 ከተገኘ በኋላ፣ ይህን መለኪያ ቤቱ ያስገባ ብዙ ነው። በየሰዓቱ እየለካ እንቅልፍ ያጣም ነበር። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተጠንተው በ2002 የወጣው ውጤት ነው። የደማቸው ኦክስጅን ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም አልራቀም።

ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ሲኬድ፣ እንጦጦ መውጫ ላይ ቅዱስ ጴጥሮስ አለ። ለብዙ ዘመን የቲቢ ሆስፒታል ነበር። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በአገሪቱ መታከም የጀመረው እዚህ በ2009 ነው። የዚያን ጊዜ ሕክምና 20 ወርና ከዚያ በላይ የሚወስድ ነበር። ለወራት የሚወጋው መርፌ የብዙዎችን ጆሮ ጎድቷል። እና ሆስፒታሉ ስትሪም በሚባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ገባ። ኢትዮጵያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቬትናምና ሞንጎሊያ ነበሩበት። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ከ9 እስከ 11 ወር የሚፈጀው አጭሩ ሕክምና ከረጅሙ ያንሳል ወይ? ውጤቱ በ2019 ታተመ። በረጅሙ 79.8፣ በአጭሩ 78.8 ከመቶው ጥሩ ውጤት አገኙ። አያንስም ማለት ነው። አጭሩ ግን የልብ ምትን በቅርብ መከታተል ይጠይቃል። ቀጣዩ ዙር መርፌውን አስቀርቶ በሚዋጥ ብቻ ማከምን ፈተሸ።

ማን የትኛውን እንደሚወስድ የሚወሰነው በዕጣ ነው። ዕቁብ ለሚጥል፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ለሚጠብቅ ሰው ዕጣን ማስረዳት አይከብድም። የሚከብደው «ሙከራ» የሚለው ቃል ነው። «ሊሞክሩብኝ ነው» ያለ ሰው ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ «ጥናት» ይባላል። እውነቱን ለመናገር ቃሉ ይለሳለስ እንጂ መድኃኒቱ ገና እየተፈተነ ከሆነ በግልጽ መነገር አለበት። የስምምነት ቅጹ በአማርኛ ይነበባል፣ መጻፍ የማይችል በጣቱ ይፈርማል፣ በፈለገ ሰዓትም መውጣት ይችላል።

ጭሱን ሳላነሳ አላልፍም። በእንጨት እንጀራ የጋገረች፣ በከሰል ወጥ የሠራች ሴት ሲጋራ ነክታ ሳታውቅ ሳንባዋ ሊጎዳ ይችላል። ሐኪም «ታጨሻለሽ?» ብሎ ብቻ ካለፈ አያገኘውም። ደህና መጠይቅ ስለ ምድጃውም ይጠይቃል።

አሁን ብዙ ትኩረት እያገኘ ያለው ከቲቢ በኋላ የሚቀረው ሕመም ነው። የቲቢ መዝገብ ላይ «ድኗል» ተብሎ ይጻፋል፣ ካርዱም ይዘጋል። ባክቴሪያው በእርግጥ ሄዷል። የሳንባው አየር ቧንቧ ግን ሰፍቶና ጠባሳ ይዞ ሊቀር ይችላል። አክታ ይጠራቀምበታል፣ በየጊዜው ይመረቅዛል፣ ደም የሚያስተፋም አለ። ይህ ሰው እንደገና ሲያስል «ቲቢው ተመልሶ ነው» ተብሎ ያንኑ መድኃኒት ሊጀምር ይችላል። አክታው ተመርምሮ ምንም ካልተገኘበት ደረት ክሊኒክ ይላካል። እዚያ ራጁን ይዞ ተራ ይጠብቃል። ስሙ ሲጠራ ይገባና የመሣሪያውን አፍ ይነክሳል። ያ ጩኸት ይጀመራል፦ ንፋ፣ ንፋ፣ ጨርስ!