ዝገት የበላትን የስፖርት መኪና ማደስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኤምጂቢ የተባለችው የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ከ1962 እስከ 1980 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አቢንግደን በሚገኘው ፋብሪካ ስትመረት ቆይታለች፤ በእነዚያ ዓመታትም ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። መለዋወጫዋ ያልጠፋ፣ ዋጋዋም ከጃጓርና ከፖርሽ አንጻር ሲታይ የማያስደነግጥ ስለሆነ፣ አሮጌ መኪና አድሶ ለመንዳት የሚመኝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በእርሷ ነው። ብዙዎችም ሥራውን ጀምረው ሳይጨርሱ የሚተዉት በእርሷ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ በአብዛኛው ዝገት ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸውን አመለካከቶች ከጋራዥ ወዳጆቼም ሆነ ከመኪና ገዢዎች ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ፤ የተወሰኑትን እኔም ራሴ አምኜባቸው ከፍዬባቸዋለሁ።

«ሞተሩ ከተነሣ ዋናው ነገር ደህና ነው»

አገር ቤት ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መካኒክ ይዞ ይሄዳል፤ መካኒኩም ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ያዳምጣል፣ የጭሱን ቀለም ያያል፣ የዘይት መለኪያውን መዝዞ ይመረምራል። መንገድ ላይ ጨው በማይበተንበት አገር ይህ ልማድ ተገቢ ነው። በረዶ ለማቅለጥ ክረምቱን ሙሉ ጨው በሚበተንባቸው እንደ ሚኒሶታ፣ ቶሮንቶና ስቶክሆልም ባሉ ቦታዎች የሚኖር ወገናችን ይህንኑ ልማድ ይዞ አሮጌ የስፖርት መኪና ሲገዛ ግን ይሳሳታል። ጨው የቀላቀለ ውኃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ የዝገቱን ኬሚካላዊ ሂደት እጅግ ያፋጥነዋል።

የኤምጂቢ ሞተር 1,798 ሲሲ የሆነ፣ አራት ሲሊንደር ያለውና ማንኛውም ልምድ ያለው መካኒክ አውርዶ ሊያድሰው የሚችል ቀላል ሞተር ነው። ወጪውም አስቀድሞ ሊገመት ይችላል። የአካሏ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ይህች መኪና እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ (አካሉ የሚቀመጥበት የብረት መሠረት) የላትም፤ ወለሉ፣ የበሩ ደፍ (ከበሩ ሥር በመኪናዋ ጎን የሚሄደው ክፍል) እና የጎማ ቤቶቹ እርስ በርሳቸው ተበይደው ሸክሙን ሁሉ የሚሸከመው አካል እነርሱው ናቸው። ስለዚህ ሞተሯ የሞተ፣ አካሏ ግን ደረቅና ጤነኛ የሆነች መኪና፣ ሞተሯ እንደ ሰዓት ከሚሠራና ወለሏ ከተበላ መኪና በእጅጉ ትሻላለች። ሁለቱ በእኩል ዋጋ ቢቀርቡልኝ የመጀመሪያዋን ያለ ማመንታት እወስዳለሁ።

«የሚታየው ዝገት ያን ያህል አይደለም፤ ጥቂት ብጉር ብቻ ነው»

ቀለም ላይ ብጉር የምታክል እብጠት ስትታይ፣ ዝገቱ ገና እየጀመረ ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። በአብዛኛው እውነታው የዚህ ተቃራኒ ነው። ከውጭ በኩል ያለው የላሜራ ገጽ ቀለም የተቀባ፣ የሚታጠብና የሚደርቅ ነው፤ ውኃና ጭቃ ተጠራቅሞ ለወራት ሳይደርቅ የሚቆየው ከውስጥ፣ ፋብሪካው ቀለም በደንብ ባላደረሰበት ባዶ ቦታ ነው። ዝገቱ ከዚያ ተነሥቶ ላሜራውን በልቶ ሲጨርስ ብቻ ወደ ውጭ ብቅ ይላል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሁለት ተደራርበው የተበየዱ ላሜራዎችን እንኳ ፈልቅቆ ይለያያቸዋል። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ገጹን አሽጎ ከሥሩ ያለውን ብረት ሲጠብቅ፣ የብረት ዝገት ግን ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ ውኃና አየር ማስገባቱን አያቆምም።

በኤምጂቢ ላይ መጀመሪያ የማየው ቦታ የታወቀ ነው። ከፊት ጎማ በስተኋላ፣ ከፓራፋንጎው ውስጥ፣ ጎማው የረጨው ጭቃ እየተከመረ የሚቀርበት ጥግ አለ። ከኋላ ደግሞ የባሌስትራው መያዣዎች የሚታሰሩባቸው ቦታዎች አሉ። እስከ 1974 ድረስ የተሠሩት መኪኖች ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ከወንበሮቹ በስተኋላ ወለሉ ውስጥ በተሠሩ ሣጥኖች ይይዙ ስለነበር፣ የባትሪ አሲድ ከላይ፣ የመንገድ ውኃ ከታች እየተቀባበሉ እነዚያን ሣጥኖች ይበሏቸዋል።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ በካቻቢቴ እጀታ ደፉን ከፊት እስከ ኋላ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ዘንድ ሲደረስ ድምፁ እንደ ካርቶን ይታፈናል፣ ፊት ላይም ቡናማ ቅርፊት መርገፍ ይጀምራል። አንድ ጊዜ እንዲህ እየመታሁ ስሄድ ካቻቢቴው ራሱ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሳወጣው ከቀዳዳው የወጣው ብረት ሳይሆን በላዩ ላይ ቀለም የተቀባ የጋዜጣ ቁራጭ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ከኪሴ አይጠፋም፤ ማግኔቱ የማይይዝበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ ብረት የለም ወይም ወፍራም ስቱኮ (ላሜራን ለማስተካከል የሚለጠፍ መሙያ) አለ ማለት ነው።

«በተበላው ደፍ ላይ አዲስ ላሜራ ደርቦ መበየድ ይበቃል»

ከሁሉም በላይ ብዙ መኪና ያበላሸው ይህ አመለካከት ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ እገልጸዋለሁ። የኤምጂቢ ደፍ ከውጭ ሲታይ አንድ ላሜራ ይመስላል። ውስጡ ሲከፈት ግን የውጭው ሽፋን፣ መሃል ላይ የቆመው ግድግዳ፣ የውስጠኛው ላሜራ እና ከሥር የሚደግፋቸው በውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ዘንግ አንድ ላይ ተበይደው የተዘጋ ሣጥን ይሠራሉ። ክፍቷ ኤምጂቢ ጣሪያ ስለሌላት የፊትና የኋላ አካሏን አያይዘው እንዳትጎብጥ የሚያደርጓት ከሁሉ በፊት እነዚህ ሁለት ሣጥኖች ናቸው። የውስጡ ግድግዳ ተበልቶ የውጭው ሽፋን ብቻ ቢታደስ መኪናዋ የምታምር ግን ወገቧ የተሰበረ ትሆናለች። የተደረበው አዲስ ላሜራም አሮጌውን ዝገት ከእርጥበቱ ጋር አቅፎ ስለሚይዝ ከውስጥ መበላቱን ይቀጥላል።

ይህን ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ። በሩን ዘግቶ በበሩና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት ማየት፣ ከዚያም መኪናዋን በጎኗ መሃል ላይ በክሪክ ቀስ ብሎ ማንሣት ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ወይም ሲሰፋ ከታየ፣ ይባስ ብሎም በሩ አልከፈት ካለ፣ ደፉ ሥራውን አቁሟል። ክሪኩ ጎማውን ከማንሣቱ በፊት ላሜራውን እየጨፈለቀ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ተጨማሪ ምርመራ አያስፈልግም።

ደፉን በሙሉ ቆርጦ ማውጣት ግዴታ ሲሆን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አካሏ በፊትና በኋላ በኩል በተስተካከለ ድጋፍ ላይ ካልቆመ፣ በበሩ ክፍት ቦታ ላይ ከፊተኛው ምሰሶ እስከ ኋለኛው የሚያያዝ ብረት ለጊዜው ካልተበየደ በስተቀር፣ አሮጌው ደፍ በተቆረጠ ቅጽበት አካሏ መሃል ላይ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ አዲሱን ደፍ የበየደ ሰው ጠማማነቱን ለዘለዓለም አጸናው ማለት ነው፤ በሩም ከዚያ በኋላ በምንም ዓይነት ማስተካከያ አይገጥምም። ልምድ ያላቸው ባቲላሜራዎች በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ የሚቆርጡት፣ ከመበየዳቸው በፊትም በሩን መልሰው እየሰቀሉ ክፍተቱን ደጋግመው የሚለኩት ለዚህ ነው። ብየዳውም ቢሆን እየዘለሉ በአጫጭር ነጥብ እንጂ በአንድ ረጅም መስመር አይሄድም፤ ሙቀቱ በአንድ ቦታ ሲበዛ ስስ ላሜራ ይጣመማል።

«የነዳጅ ታንኩ ባዶ ስለሆነ አጠገቡ መበየድ አደጋ የለውም»

ባዶ ታንክ ከሞላው ይበልጥ ያስፈራል። የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው የቤንዚን ትነት ነው፤ ለዓመታት ደርቆ የቆየ ታንክም ትነት ሊኖረው ይችላል። ታንኩ ከመኪናዋ ወርዶ ከሥራው ቦታ መራቅ አለበት፤ ባትሪውም እንዲሁ።

«ስቱኮ የሌባ ሥራ ነው»

በተቃራኒው ደግሞ ስቱኮ ሁሉን ያድናል የሚሉ አሉ። ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው የላሜራ መጋጠሚያዎችን ለማለስለስ የቀለጠ እርሳስ ይጠቀሙ ነበር፤ ይህን እርሳስ በግራይንደር የሚሞርድ ሰው አቧራው መርዝ መሆኑን ማወቅ አለበት። ስቱኮ በጤነኛ ብረት ላይ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት፣ የመዶሻ ምልክትን ለማስተካከል ሲውል ነውር የለውም። ነውሩ ቀዳዳ ለመድፈን ሲውል ነው፤ ሸክም አይሸከምም፣ እርጥበትም ይመጥጣል።

«ዝገት የሚለውጥ ፈሳሽ ከተቀባ መቁረጥ አያስፈልግም»

እነዚህ ፈሳሾች ውሸት አይደሉም። ፎስፎሪክ አሲድ ዝገትን ወደ ብረት ፎስፌት፣ ታኒክ አሲድ ደግሞ ወደ ጥቁር የብረት ታኔት ይለውጣሉ፤ ሁለቱም ከዝገት ይበልጥ የረጉ ናቸው። የሚሠሩት ግን ሊደርሱበት እስከቻሉት ጥልቀት ብቻ ነው። በብርጭቆ ወረቀትና በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ ጥቂት ዝገት በቀዳዳዎቹ ውስጥ ለቀረበት ጠንካራ ላሜራ ጥሩ መድኃኒት ናቸው፤ በተደራረቡ ሁለት ላሜራዎች መካከል ላለው ዝገት ግን አይደርሱለትም፤ የሌለ ብረትንም አይተኩም።

«አሸዋ በአየር ግፊት መርጨት ሁሉን በአንድ ቀን ያጸዳል»

ለወፍራም ብረት፣ ለምሳሌ ለአክስልና ለባሌስትራ መያዣ፣ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። እንደ ኮፈንና በር ያለ ሰፊና ስስ ላሜራ ላይ በኃይል ሲረጭ ግን በእያንዳንዱ ቅንጣት ምት የላሜራው አንድ ገጽ ይለጠጥና ኮፈኑ ይጣመማል፤ ብዙ ሰው ምክንያቱ ሙቀት ብቻ ይመስለዋል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ለስለስ ያለ ቅንጣት ወይም ቀለም የሚልጥ ኬሚካል ይመረጣል። የወንዝ አሸዋ መጠቀም ደግሞ ጨርሶ የማይገባ ነው፤ ሲሊካ ያለበት አቧራ ሳንባን በማይድን ሁኔታ ይጎዳል።

«ፋይበርግላስ ወይም አሉሚኒየም የሆነች መኪና የዝገት ሥጋት የለባትም»

በ1962 የወጣችው ሎተስ ኤላን አካሏ ፋይበርግላስ ነው፤ አካሉ የተቀመጠበት መሃለኛ ሻንሲ ግን ከስስ የብረት ላሜራ የተሠራ ስለሆነ ይዝጋል። ሼቭሮሌ ኮርቬትም ከ1953 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የፋይበርግላስ ልብስ ለብሳ በብረት ሻንሲ ላይ ቆማ ነበር። አስቶን ማርቲን ዲቢ5 ደግሞ የአሉሚኒየም ላሜራ በቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ላይ የለበሰች ናት፤ ሁለቱ ብረቶች በእርጥበት ውስጥ ሲነካኩ እንደ ባትሪ ስለሚሠሩ አሉሚኒየሙ ወደ ነጭ ዱቄት ይለወጣል። ፖርሽ 911ም በዚንክ የተለበጠ ላሜራ በስፋት ማግኘት የጀመረችው ከ1976 ሞዴል አንሥቶ ነው።

«ከሥሯ ወፍራም ሬንጅ ቢቀባ ዳግመኛ አትዝግም»

ሬንጅ ዓመታት ሲያልፉ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃም ከሥሩ ተደብቆ ይቀራል። ላዩ ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ ሲጫኑት እንደ ኬክ ቅርፊት የሚሰበር ወለል ብዙ አይቻለሁ። የተሻለው ጥበቃ ብየዳው ካለቀ በኋላ በባዶ ሣጥኖቹ ውስጥ በቀጭን ቱቦ የሚረጭ ሰም ነው፤ ሰሙ ስለማይደርቅ ወደ መጋጠሚያዎቹ ሰርጎ ይገባል፣ በየጥቂት ዓመቱም ይደገማል። በበሮቹና በደፉ ታች ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በሰምም ሆነ በቀለም መደፈን የለባቸውም። ጨው የነካትን መኪና ሳያጥቡ ሞቃትና አየር የማይዘዋወርበት ጋራዥ ውስጥ ማስገባትም ጥበቃ ይመስላል፤ ኬሚካላዊው ሂደት በሙቀት ስለሚፋጠን ግን ነፋስ የሚገባበት ቀዝቃዛ መጠለያ ይሻላታል።

«አዲስ አካል የገባላት መኪና እውነተኛ አይደለችም»

ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት ከ1988 ጀምሮ የፋብሪካውን የቀድሞ የላሜራ መቅረጫ መሣሪያዎች በመጠቀም ሙሉ የኤምጂቢ አካል አዲስ እየሠራ ይሸጣል። ይህን የሚነቅፉ ወዳጆች አሉኝ፤ እኔ ግን አልስማማም። ወለሏ፣ ደፎቿና የጎማ ቤቶቿ ሁሉ የተበሉ መኪና ቁራጭ በቁራጭ ስትለጠፍ በመጨረሻ የሚተርፈው የቀድሞ ብረት እፍኝ አይሞላም፤ የሥራው ሰዓትም ከአዲሱ አካል ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ጥቂት ብቻ ለተሠሩና ታሪካቸው ለተመዘገበ መኪኖች ግን ፍርዴ ይለያል፤ እዚያ እያንዳንዱ የቀድሞ ላሜራ ሊተርፍ እስከቻለ ድረስ መትረፍ አለበት። አካል የሚለውጥ ሰው የሻንሲ ቁጥሩን ጉዳይ ከሚኖርበት አገር ሕግ ጋር ሥራው ሳይጀመር ማጣራት ይኖርበታል፤ ለሚገዛትም ሰው የተደረገውን ሁሉ በፎቶግራፍ አስደግፎ መንገር ግዴታው ነው።

«ከ40 ዓመት በላይ ስለሆናት ምርመራ አያስፈልጋትም»

በብሪታንያ ከግንቦት 2018 ጀምሮ፣ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸውና መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገባቸው መኪኖች ከዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ነፃ ሆነዋል። ነፃ የሆኑት ግን ከምርመራው ነው፤ ለመንገድ ብቁ ያልሆነች መኪና መንዳት ዛሬም ጥፋት ነው። ባለቤቱ ከፈለገ በፈቃዱ ማስመርመር ይችላል፤ ደፏና ወለሏ በእጅ የተበየደ መኪና ለምትነዱ ሁሉ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። መኪናዋ ከፍ ብላ ስትሰቀል የእኔ ዓይን የለመደውንና ያለፈውን ነገር ሌላ ሰው በመብራት ያየዋል፤ ባለፈው ዓመት እኔ ጨርሼዋለሁ ባልኩት በግራው የባሌስትራ መያዣ ሥር የጣት ጥፍር የሚያህል ያልተበየደ ክፍተት ያሳየኝ እንዲህ ያለ መርማሪ ነው።