የአኳሪየም አናት፦ ክዳን፣ ክፍት አፍ እና መረብ

የአኳሪየም አናት ከውሃው ወለል በላይ ያለው የገንዳው አፍ ነው። አፉ በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ክዳን ይዘጋል፤ አለዚያም ክፍቱን ይተዋል ወይም መረብ ይወጠርበታል። ስለ ማጣሪያና ስለ ማሞቂያ ብዙ ይጻፋል፤ አናቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ ሲነሳም የመልክ ጉዳይ ተደርጎ ነው። ዳሩ ግን የውሃውን መጠንና ጥራት፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታውን፣ የብርሃኑን ብርታትና ከሁሉ በላይ የዓሣውን ዕድሜ የሚወስነው ይኸው አፍ ነው።

አመጣጡ

በ1829 እ.ኤ.አ. አካባቢ የለንደኑ ሐኪም ናትናኤል ዋርድ፣ ነፍሳትን ለማጥናት በዘጋው ጠርሙስ ውስጥ ሳያስበው ፈርን በቅሎ አገኘ። ከአፈሩ የተነሳው እርጥበት መስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ሲወርድ ተክሉ ውሃ ሳይጨመርለት ኖረ። በዚህ መነሻነት የተሠራው የዋርድ ሣጥን ተክሎችን በመርከብ ከአህጉር አህጉር ለማጓጓዝ ዋለ። የተከደነ አኳሪየም ዛሬ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ውሃው ይተናል፣ ክዳኑን ያልበዋል፣ ተንጠባጥቦ ይመለሳል።

ለዚህ ርዕስ ዋናው ሰው ግን ኬሚስቱ ሮበርት ዋሪንግተን ነው። በ1849 ጀምሮ በ1850 ለለንደኑ የኬሚካል ማኅበር ባቀረበው ሙከራ፣ 12 ጋሎን (54 ሊትር ገደማ) የሚይዝ የመስታወት ዕቃ እስከ እኩሌታው የምንጭ ውሃ ሞላበት። ቫሊስኔሪያ የተባለውን የውሃ ተክል ተከለና ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሦች ጨመረ። ተክሉ ኦክስጅን እየሰጠ፣ ዓሦቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየመለሱ እንደሚኖሩ ሊያሳይ ነበር ሐሳቡ። ቅጠሎቹ እየበሰበሱ ውሃውን ሲያደፈርሱበት የኩሬ ቀንድ አውጣዎች አስገባ፤ እነሱም ብስባሹን በልተው ውሃውን አጠሩት። ይህ የአኳሪየም ሚዛን ታሪክ በየመጽሐፉ ይነገራል። ከዋሪንግተን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የዕቃው አፍ ነው። ዋሪንግተን ወፍራም የመዳብ ሽቦ በክብ አጥፎ፣ ስስ ሻሽ ወጥሮበት አፉ ላይ አኖረው። የለንደን ጥቀርሻና አቧራ ውሃው ላይ እንዳይወርድ፣ አየሩ ግን ሳይታገድ እንዲመላለስ ብሎ ነው። እንግዲህ በጽሑፍ ተመዝግበው ከቆዩልን ከመጀመሪያዎቹ አኳሪየሞች አንዱ ድፍን ክዳንም ባዶ አፍም አልነበረውም፤ መረብ ነበረው። ዛሬ መረብ ወጥረው ዓሣ የሚያሳድጉ ሰዎች በዚህ ሊኮሩ ይገባቸዋል። የመዳብ ሽቦውን ግን ሊወርሱት አይገባም፤ በጤዛ እየታጠበ ወደ ውሃው የሚወርድ መዳብ ለቀንድ አውጣና ለሽሪምፕ መርዝ ነውና።

በ1853 በለንደኑ ሪጀንትስ ፓርክ የዓሣ ቤት ለሕዝብ ተከፈተ፤ በቀጣዩ ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ባሳተመው መጽሐፍ «አኳሪየም» የሚለው ስም ተስፋፋ። ከዚያ በኋላ የብረት ፍሬም ያላቸው ገንዳዎችና ፍሎረሰንት አምፖል የታቀፈ ክዳን የቤት አኳሪየም መደበኛ መልክ ሆኑ። መስታወትን ከመስታወት የሚያጣብቀው ሲሊኮን ሲመጣ ፍሬሙ ቀረ። በ1982 የራሱን ድርጅት ያቋቋመው ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ (1954–2015) ደግሞ ፍሬም የለሽ ገንዳን ከላይ ከተንጠለጠለ መብራት ጋር በዓለም ዙሪያ አስለመደ። ክፍት አናት የውበት ምልክት ተደርጎ መታየት የጀመረው በዋናነት ከእሱ ወዲህ ነው።

ትነት

በተከደነና ባልተከደነ ገንዳ መካከል በየቀኑ በዓይን የሚታየው ልዩነት ትነት ነው። 60 በ30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ገንዳ ውሃው 1 ሚሊ ሜትር ጎደለ ማለት 180 ሚሊ ሊትር ሄደ ማለት ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር ከጎደለ 900 ሚሊ ሊትር። ፍጥነቱን የሚወስኑት የውሃው ሙቀት፣ የክፍሉ አየር ድርቀትና የነፋሱ እንቅስቃሴ ናቸው። በክፍት ገንዳ መስታወት ላይ ውሃው ትናንት የነበረበትን ከፍታ የሚያሳይ ነጭ የኖራ መስመር ይቀራል፤ ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ ይከተላል። በጨርቅ ብቻ አይለቅም፤ በኮምጣጤ ይለሰልሳል።

ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ አንድ ሊትር ለመትነን 680 ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይወስዳል። በቀን 900 ሚሊ ሊትር የሚያጣው ገንዳ እንግዲህ 25 ዋት ያህል ያለማቋረጥ ይነጠቃል። ከፊሉን በዙሪያው ያለው አየር ቢመልስለትም ቀሪው የማሞቂያው ዕዳ ነው። በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሞቃት ውሃ የሚፈልግ ዓሣ ላለው ሰው ክዳን ከማንኛውም ውድ ማሞቂያ የተሻለ ቁጠባ ነው። በሙቀት ወቅት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ክዳኑን አንስቶ ትንሽ ማራገቢያ በውሃው ወለል ላይ ማንፈስ ውሃውን በጥቂት ዲግሪ ያወርደዋል።

የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ማዕድኑ ይቀራል። የጎደለውን በቧንቧ ውሃ መሙላት ማዕድን በማዕድን ላይ መጨመር ስለሆነ ክፍት ገንዳ ያለው ሰው መሙላትን ከመለወጥ ጋር ሊያምታታው አይገባም። ከፊሉ ተቀድቶ ካልተጣለ በስተቀር ውሃው እየከበደ ይሄዳል። በባሕር አኳሪየም ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። በሊትር 35 ግራም ጨው ካለው 100 ሊትር ውሃ 5 ሊትር ቢተን ጨዋማነቱ 36.8 ግራም ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ የሚጨመረው ጨው አልባ የተጣራ ውሃ ነው፤ ብዙዎችም ደረጃውን እየለካ የሚሞላ ትንሽ ፓምፕ ይገጥማሉ።

ከገንዳው የወጣው እርጥበት በክፍሉ ውስጥ ይቀራል። መስኮት በማይከፈትበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትልቅ ክፍት ገንዳ ግድግዳ ሊያሻግት ይችላል።

አየርና ኦክስጅን

«ክዳን ዓሣውን ያፍነዋል» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ኦክስጅን ወደ ውሃው የሚገባው በወለሉ በኩል ስለሆነ ወሳኙ ወለሉ መንቀሳቀሱ ነው፤ ማጣሪያው ወለሉን እያናወጠ፣ ለቱቦና ለገመድ የተተወው ክፍተት ደግሞ አየሩን እያለዋወጠ ዓሣ በክዳን ምክንያት አይታፈንም። ዙሪያው ሙሉ በሙሉ በታሸገ ክዳን ሥር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጠራቀምና የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) በመጠኑ ሊያወርድ፣ ማለትም ውሃውን ወደ አሲድነት ሊገፋ ይችላል፤ ለዚህም አንድ ማዕዘን ከፈት ማድረግ ይበቃል።

ቤታና ጉራሚ ከወለሉ በላይ አየር የሚተነፍሱ ናቸውና በክዳኑና በውሃው መካከል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋቸዋል። የነዚህ ዓሦች ጫጩቶች አየር መተንፈሻ አካላቸው በሚያድግበት ወቅት ሞቃትና እርጥብ አየር ካላገኙ ይጎዳሉ ይባላል። አርቢዎች በሰፊው ይስማሙበታል፤ ሌሎች ግን ሞቱን ከምግብ ጋር ያያይዙታል። ያም ሆነ ይህ ጫጩት ባለበት ገንዳ መክደን ጉዳት የለውም።

የሚዘሉና የሚያመልጡ

ምርጫው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። ሀቸትፊሽ፣ ኪሊፊሽ፣ አሮዋና እና የአፍሪካው ቢራቢሮ ዓሣ በተፈጥሯቸው በወለሉ አቅራቢያ የሚኖሩና የሚዘሉ ናቸው፤ ከባሕር ዓሦች ፋየርፊሽና ብዙ የጎቢ ዝርያዎች ሲደነግጡ ይፈናጠራሉ። ዝላዩ የሚበዛው ዓሣው አዲስ ገንዳ በገባባቸው የመጀመሪያ ቀናት፣ መብራት በድንገት ሲጠፋና ሌላ ዓሣ ሲያባርረው ነው። ጠዋት ከቁም ሣጥኑ ኋላ አቧራ ለብሶ፣ ጅራቱ ሽቅብ ታጥፎ የደረቀ ዓሣ ያነሳ ሰው ስለ ክዳን ምክር አያሻውም። ዘንግ መሰል አካል ያላቸው ሮፕፊሽና ኢል ደግሞ መዝለል ሳያስፈልጋቸው በቱቦው ቀዳዳ ሾልከው ይወጣሉ።

ቀንድ አውጣዎች በመስታወቱ ላይ እየተሳቡ ይወጣሉ። አፕል ስኔል ከውሃው በላይ እንቁላሉን ስለሚጥል ክዳንም ክፍተትም ይሻል። በሌላ በኩል የውሃ ኤሊ ለቅርፊቱ አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ያስፈልገዋል፤ ተራ መስታወት ይህን ጨረር ስለሚያስቀር የኤሊ ገንዳ ክፍት ወይም መረብ መሆን አለበት።

ብርሃንና ተክል

ንጹሕ መስታወት ከላይ የሚመጣውን ብርሃን 8 በመቶ ያህል ይመልሳል፤ ይህ ለአብዛኛው ተክል አያሳስብም። ብርሃኑን የሚሰርቀው የደረቀው ነጠብጣብ ነው። ክዳኑ ከሥር ያልበዋል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ያልበዋል፤ ከወራት በኋላ እንደ ጉም የደፈነ ነጭ ሽፋን ይሆናል። በየሳምንቱ ማበስ የማይችል ሰው ተክሉ ለምን እንደቀጨጨ ሲፈልግ መጀመሪያ ማየት ያለበት ክዳኑን ነው።

ተንሳፋፊ ተክሎች ከክዳን የሚወርድ ጠብታ ቅጠላቸው ላይ ሲተኛ ይበሰብሳሉ። ከውሃ በላይ ቅጠልና አበባ የሚያወጡ ኤኪኖዶረስን የመሰሉ ተክሎችም ክፍት አናት ይወዳሉ፤ ለዚህ ሲባል ብቻ ክፍት የሚተዉ ሰዎች ምክንያታቸው እውነተኛ ነው። መብራቱ ግን ውሃ የማያስገባ መሆን፣ ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ መጠምዘዝ ይኖርበታል፤ በገመዱ ላይ የሚሄደው ጠብታ እዚያ ይወድቃል። ቀለም በሚቀባበትና የነፍሳት መርዝ በሚረጭበት ቤት ክፍት ገንዳ አደጋ ላይ ነው።

መረብና የክዳን ዓይነቶች

ተንሸራታችና በማጠፊያ የሚከፈት መስታወት ከባድ ቢሆንም ይጸዳል። አክሪሊክ የተባለው ፕላስቲክ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ እርጥበት እየጠጣ ስለሚያብጥ መሃሉ ይሰምጣል፣ ጠርዙ ይነሳል። ፖሊካርቦኔት የተባለው ሌላ ፕላስቲክ በዚህ ይሻላል። መረቡ በቀላል ፍሬም ላይ የሚወጠር ግልጽ የፕላስቲክ መረብ ሲሆን ትነትን አያስቀርም፤ አየርና ብርሃን ያሳልፋል፣ ዘላዩንም ይመልሳል። የተለመደው 6 ሚሊ ሜትር ዓይን ያለው ነው፤ ለቀጫጭን ጎቢዎች ግን 3 ሚሊ ሜትር ይመረጣል።

የትኛውም ክዳን የሚፈተነው በማዕዘኖቹ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ ብሔራዊ አኳሪየም የነበረው ኢንኪ የተባለ ኦክቶፐስ በገንዳው አናት ላይ በቀረች ክፍተት ወጥቶ፣ የክፍሉን ወለል አቋርጦ፣ በፍሳሽ ቱቦ ወደ ባሕር ሄዷል። በቤት ገንዳ የማጣሪያው ቱቦ፣ የማሞቂያው ገመድና የምግብ መስጫው ቀዳዳ እያንዳንዳቸው በስፖንጅ ወይም በቁራጭ መረብ ይደፈናሉ፤ ስፖንጁ ጨው ወይም ኖራ ሲይዝ ታጥቦ ይመለሳል።