«ኢን» ሁልጊዜ አፍራሽ አይደለም

ቃሊቲ ውስጥ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ አስተምራለሁ። ልጆቹ አዲስ ቃል ሲገጥማቸው ባዕድ መነሻውን፣ ማለትም እንደ «ኢን» ከቃሉ ፊት የሚቀጠለውን፣ ብቻ አይተው ትርጉሙን ይደመድማሉ። ብዙ ጊዜ ያዋጣቸዋል። ሳያዋጣ ሲቀር ግን ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

«ኢንፍላመብል ማለት እሳት የማይዘው ነው።»
ይህን የሰማሁት የነዳጅ ቦቴዎች ከሚተላለፉበት አስፋልት ዳር ቆመን ነው። ተማሪዬ በአንዱ ቦቴ ጀርባ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ፊደል በፊደል አነበበና «መምህር፣ አይቃጠልም ማለት ነው አይደል?» አለኝ። ደነገጥኩ። ኢንኮሬክት ትክክል ያልሆነ፣ ኢንቪዚብል የማይታይ ስለሆነ ይህንንም በዚያው ሚዛን መዝኖት ነው። እውነታው ተቃራኒው ነው፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል ማለት ነው። ቃሉ የመጣው «ማቀጣጠል» ከሚል የላቲን ግሥ ሲሆን፣ «ኢን» እዚያ ላይ «ወደ ውስጥ» እንጂ «አይደለም» ማለት አይደለም። ፍላመብልም ኢንፍላመብልም ትርጉማቸው አንድ ነው። በአሜሪካ የእሳት አደጋ መከላከል ባለሙያዎች ሰው እንዳይሳሳት ብለው፣ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ አጭሩ ቃል እንዲጻፍ መወትወት ጀምረዋል። ልጁን ያሳመነው ግን የገዛ ቋንቋችን ነው። «አልመጣም»፣ «አልበላም» ላይ «አል» ያፈርሳል፤ አልጋና አልማዝ ላይ ምን ያፈርሳል?

«ኢን፣ ኢም፣ ኢል እና ኢር አራት የተለያዩ መነሻዎች ናቸው።»
አፍራሹ አንድ ነው። ኢምፖሲብል (የማይቻል)፣ ኢሊጋል (ሕገ ወጥ)፣ ኢሬጉላር (ደንቡን ያልጠበቀ) ላይ መልኩን የሚለውጠው ከሚቀጥለው ድምፅ ጋር ለአፍ እንዲመች ነው።

«ፔዳልና ፔዲያትሪክስ ዘመዳሞች ናቸው።»
አይዛመዱም። ፔዳል ከላቲኑ «እግር»፣ የሕፃናት ሕክምናው ፔዲያትሪክስ ደግሞ ከግሪኩ «ልጅ» የመጡ ናቸው።

«ኢንቫልዩብል ማለት ዋጋ የሌለው ነው።»
ይህኛው አንጀቴን ይበላዋል። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ከፋብሪካ በጡረታ ሲወጡ የተሰጣቸው ደብዳቤ አገልግሎታቸውን በዚህ ቃል ይገልጸዋል። ልጃቸው «ቫልዩ ዋጋ ነው፣ ኢን ደግሞ የለም» ብሎ ተረጎመላቸው። እርሳቸውም ደብዳቤውን አራት ላይ አጥፈው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። እኔ ዘንድ የደረሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ በእጥፋቱ መስመር ላይ ቀለሙ ተልጦ ነበር። እዚህ ላይ «ኢን» በእርግጥ አፍራሽ ነው፤ የሚያፈርሰው ግን ዋጋውን ሳይሆን መተመኑን ነው። እኛም «ዋጋ የማይተመንለት» እንላለን። «ዋጋ ቢስ» ለማለት እንግሊዝኛው ወርዝለስ የሚል ሌላ ቃል አለው።

«ጋሼ፣ አገልግሎትዎ በገንዘብ አይተመንም ነው የሚለው» አልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ቃሏን በጣታቸው ነክተው «እስቲ እንደገና አንብብልኝ» አሉኝ።