የምግብ ምርት ሙያ ሥልጠናና የውጭ ትምህርት ቤቶች ትስስር በወሎ

በወሎ ወጣቶችን ለእርሻ፣ ለከብት እርባታና ለምግብ ማቀነባበር ሥራ የሚያዘጋጁት ተቋማት በዋናነት በኮምቦልቻና በመርሳ ያሉት የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ እንዲሁም የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች የግብርና ትምህርት ክፍሎች ናቸው። ከወልድያ ብዙም የማይርቀው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ትምህርት ቤት ባይሆንም ያለ እሱ የአካባቢው የግብርና ትምህርት ሙሉ አይሆንም። ከውጭ አገር ትምህርት ቤቶች ጋር የሚደረገው ትስስር መምህራንን ለከፍተኛ ትምህርት መላክን፣ ሥርዓተ ትምህርትን አብሮ መቅረጽን፣ የቤተ ሙከራ ዕቃና የጥናት ገንዘብን ያጠቃልላል። በወሎ የዚህ ሁሉ ተጠቃሚ በአብዛኛው ተመራማሪውና ሥራ ላይ ያለው የመንግሥት ባለሙያ ሆኖ ቆይቷል። ኮሌጅ ለሚገባው ወጣት የደረሰው ትንሽ ነው።

የታሪኩ መነሻ ከወሎ ውጭ ነው። ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በገባው ውል የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተቋቋሙ። በጅማና በዓለማያ ከተማሩት አንዱ ገቢሳ እጄታ ነው፤ በኋላ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በማሽላ ማዳቀል ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝቷል። የቆቦና የስሪንቃ ገበሬ ይህን ሰው በስሙ ላያውቀው ይችላል፤ የታገለውን ጠላት ግን አሳምሮ ያውቃል። አቀንጭራ በማሽላ ሥር ተጣብቆ የሚመጠምጥ አረም ሲሆን፣ አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። የሚበቅለው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲቀሰቅሰው ብቻ ነው። ገቢሳና ባልደረቦቹ ያንን ኬሚካል በጣም በጥቂቱ የሚያመነጩ ዝርያዎችን አዳቀሉ፤ ከእነዚህም ጎብዬና አብሽር የተባሉት በኢትዮጵያ ለገበሬው ተለቀዋል። አቀንጭራ በሚያጠቃው የወሎ ቆላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ ወቅት ጅማ ላይ የተተከለ የትምህርት ቤት ሽርክና ፍሬ ለማፍራት አርባ ዓመት ያህል እንደፈጀበትም ልብ ይሏል፤ በሦስት ዓመት ፕሮጀክት ውጤት ቆጥረው ለሚያስረክቡ ሰዎች ይህ የሚመች ዜና አይደለም።

ሁለተኛው መስመር ከወሎ መከራ የወጣ ነው። የ1977ቱ ረሀብ ወሎን ክፉኛ ሲመታ የጃፓኑ ባለሀብት ሪዮይቺ ሳሳካዋ ከስንዴ ተመራማሪው ኖርማን ቦርሎግና ከቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1986 የሳሳካዋ አፍሪካ ማኅበርን አቋቋመ። የዚሁ ማኅበር የትምህርት ክንፍ እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለማያ ዩኒቨርሲቲ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የዲግሪ ትምህርት አስጀመረ፤ ከዚያ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሲስፋፋ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተካተተ። አሠራሩ ከሌሎቹ ይለያል። ተማሪው ለዓመታት በገጠር ቀበሌ ያገለገለ ሰው ነው፤ ክፍል ውስጥ ከተማረ በኋላ ወደ ወረዳው ተመልሶ ከገበሬዎች ጋር ሆኖ ችግር ይለያል፣ ለወራት የሚዘልቅ የሥራ ፕሮጀክት ያካሂዳል፤ መምህሩ ደግሞ እስከ ማሳው ድረስ እየሄደ ይከታተለዋል። መምህርን ከከተማ አውጥቶ ጭቃ ላይ የሚያቆም ሥርዓተ ትምህርት በአገራችን ብዙ አይገኝም። በእኔ ግምት ከሁሉም የውጭ ትስስሮች ለወሎ ይበልጥ የሚስማማው ይህ ነው።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቹ ነገር ሌላ ነው። ከ1993 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መንግሥት በየቀበሌው ሦስት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ለመመደብ፣ ማለትም አንድ የሰብል፣ አንድ የእንስሳት፣ አንድ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ለማቆም፣ በመላ አገሪቱ ኮሌጆችን ከፈተ። ኮምቦልቻና መርሳም ለዚህ ሲያሠለጥኑ ኖረዋል። ሥልጠናው በወረቀት ላይ ሰባ በመቶው ተግባር፣ ሠላሳ በመቶው ንድፈ ሐሳብ ነው። መድረሻው ግን የመንግሥት ቅጥር ስለነበር፣ የቀበሌው ወንበር ሲሞላ ተመራቂው የያዘው ሙያ የት እንደሚያገለግለው ሳያውቅ ቀረ። ዶሮ አርብቶ መሸጥ፣ ወተት አቀነባብሮ ለደሴ ማቅረብ፣ የቆቦን ሽንኩርትና ቲማቲም ሳይበሰብስ ለገበያ ማድረስ የሚሉት ሥራዎች በሥልጠናው ውስጥ ቢኖሩም የተማሪው ዓይን የመንግሥት ቅጥር ደብዳቤው ላይ ነበር።

በትክክል ይህንን ለማስተካከል የመጣ አንድ የውጭ ትስስር ነበር፤ ወሎን ግን በግራና በቀኝ አለፋት። የካናዳው ዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ የመራው የግብርና ሙያ ትምህርት ማጠናከሪያ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አራት ኮሌጆችን መረጠ፤ ማይጨው፣ ወረታ፣ ነጆና ወላይታ ሶዶ። ማይጨው ከቆቦ በስተ ሰሜን፣ ወረታ ደግሞ ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸናና በደብረ ታቦር በሚያልፈው መንገድ ጫፍ ላይ ናቸው። የፕሮጀክቱ ዓላማ ሥልጠናውን በአካባቢው ገበያ ላይ መመሥረትና ኮሌጁን ከቀጣሪዎች ጋር ማገናኘት ነበር። ካናዳ ለወሎ ያዋጣችው ግን በሌላ በር ነው፤ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በካናዳ ገንዘብ ያካሄደው የእንስሳትና የመስኖ ፕሮጀክት ደቡብ ወሎን አካትቶ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጥናት ደግፏል። እንደገና የደረሰው ለላይኛው እርከን ነው።

ማንኛውም የውጭ አጋር ወሎ ሲገባ ቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ በልግ። በደላንታ፣ በዋድላና በለጋምቦ ደጋዎች የብዙ ቤተሰብ ጎተራ የሚሞላው በክረምቱ ብቻ ሳይሆን ከየካቲት ጀምሮ በሚጥለው የበልግ ዝናብ ነው። ገብሱ የሚታጨደው በሰኔና በሐምሌ፣ ኮሌጁ ፈተና ላይ ሲሆን ወይም ተማሪው ሲበተን ነው። ከሌላ አገር የተቀዳ የትምህርት ዘመን በአንድ ወጥ ወቅት ላይ ስለሚሠራ፣ የደጋ ልጅ የአባቱን ሰብል አጨዳ ከሙያው ጋር አገናኝቶ የሚማርበት ጊዜ አያገኝም። ይህንን ለማስተካከል የሚያስፈልገው የቀን መቁጠሪያ ማሻሻል እንጂ ትልቅ ገንዘብ አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የስሪንቃ ማዕከልም ጭምር ተዘርፈዋል፤ ቤተ ሙከራዎች ወድመዋል። ከዚያ ወዲህ ስለ አጋርነት ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው የጠፋውን ዕቃ መተካት ነው፤ ይህ ተገቢ ነው። ለተግባር ሥልጠና የሚሆን ቦታ ግን ሁሉም ከውጭ መምጣት የለበትም። ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ፣ የሥጋ ፋብሪካና የዱቄት ፋብሪካዎች አሏት፤ ከግብርና ኮሌጁም ብዙ አይርቁም። የውጭ ትምህርት ቤት እዚህ ሊያዋጣ የሚችለው ሠልጣኙ በፋብሪካው ውስጥ ምን ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚመዝነውና ስንት ወር እንደሚቆይ በውል የማስፈር ልምድ ነው፤ የብቃት ምዘናውም በዚያው የሥራ ቦታ ሊሰጥ ይችላል።