በቤትሽ ያለውን ንገሪኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ዕቃ እንነጋገር። ስለ ድስት፣ ስለ ሳህን፣ ስለ ብርድ ልብስ። ለመንፈሳዊ ትምህርት ትንሽ የሆነ ርእስ ሊመስላችሁ ይችላል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ስለ ቤት ዕቃ ደጋግሞ ይናገራል፤ ቶሎ የምናልፈው እኛ ነን።

2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4ን አውጡ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ እየጮኸች መጣች። ባሏ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር። ግን ዕዳ ጥሎባት ሞተ። አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድባት ነው። ኤልሳዕ «አይዞሽ» ብሎ አላሰናበታትም። ገንዘብም አውጥቶ አልሰጣትም። «በቤትሽ ያለውን ንገሪኝ» አላት። መልሷ አጭር ነበር። ከዘይት ማሰሮ በቀር በቤቴ ምንም የለኝም አለችው።

እስቲ ጥያቄውን ለራሳችን እንውሰደው። ዛሬ አንድ የእግዚአብሔር ሰው እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ወይም ገንደ ቆሬ ሰፈር መጥቶ በራችንን ቢያንኳኳ፣ «በቤታችሁ ያለውን ንገሩኝ» ቢለን፣ ቆጥረን እንጨርሳለን? ከመካከላችን ኑሮ የከበደው ብዙ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ችግረኛ ነኝ የሚለውም ቤት ቢሆን አልጋ ሥር የተገፋ ካርቶን አለው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ከተረሳ ቆይቷል።

ድሬዳዋ ደግሞ የዕቃ ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። ከዚያ ወዲህ ከባሕር የመጣ ብዙ ዕቃ እኛ ጋ ተራግፏል። ታይዋን የምንለው ገበያችን ገብቶ ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው ብርቅ ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሳይቀር «ከድሬ ስትመጣ ብርድ ልብስ፣ ስትመጪ ሽቲ» እያለ ያዛል። ርካሽ ነው ብለን እንገዛለን። አምሮን እንገዛለን። ጎረቤት ስለገዛ እንገዛለን። ማስቀመጫ ሲጠፋ ደግሞ ቁም ሣጥን እንገዛለን።

ሳሎን ውስጥ ያለውን ቡፌ እዩት። መስታወቱ ተወልውሏል፤ ከላይ ዳንቴል ለብሷል። ውስጡ ጠርዛቸው ወርቃማ የሆነ ብርጭቆዎች በስድስት በስድስት ተደርድረዋል። የሰርግ ስጦታው ፔርሙዝ ከነካርቶኑ አለ። ቁልፉ እናት ጋ ነው። ቤተሰቡ ሻይ የሚጠጣው ጆሮው በተሰበረ ኩባያ ነው። «ለእንግዳ ነው» ይባላል። እንግዳው ሲመጣ ደግሞ «ይሰበራል» ተብሎ ለስላሳው በጠርሙሱ ይቀርብለታል።

ይህን የምለው እናቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ብዙዎቹ ያንን ብርጭቆ በእቁብ ብር፣ ከአስቤዛ ቆጥበው ነው የገዙት። ቤቴ ቤት ይምሰል ብለው ነው። ይህ የሚከበር ምኞት ነው። የሚያሳዝነኝ ዕቃው ለተገዛለት ሰው ሳይደርስ መቅረቱ ነው።

ለመሆኑ አንድ ቤተሰብ ስንት ዕቃ ያስፈልገዋል? ለዚህ የተጻፈ መልስ አለ ማለት ይቻላል። በዓለም ዙሪያ በአደጋ ጊዜ የሚደርሱ የእርዳታ ድርጅቶች የሚመሩበት ስፊር የሚባል መመዘኛ አለ። ቤቱ የጠፋበት ቤተሰብ ቢያንስ ምን ይድረሰው የሚለውን ይዘረዝራል። ለአራት ወይም ለአምስት ሰው ሁለት ድስት ከነክዳኑ፣ አንድ ሳፋ፣ አንድ ቢላዋ፣ ሁለት ጭልፋ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጎድጓዳ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ መጠጫ፣ አንድ ብርድ ልብስ። ለቤቱ ሁለት የውሃ ጀሪካን። ለአምስት ሰው እነዚህን ብንደምር 28 ዕቃ ነው። በዚህ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሙሉ ልብስ ይታከላል። ሳሙና፣ ምድጃና መብራትም አሉ። የእኛ ሰው ቢያየው «ምጣዱስ? ጀበናውስ?» ማለቱ አይቀርም። እሺ፣ ምጣድና ጀበና እንጨምር። ረከቦትና ሲኒም ይግቡ። ለጾም የተለየ ድስት የሚይዝ ቤትም አለ፤ እሱም ይግባ። አሁንም አንድ ጥግ አይሞላም።

ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ የምታስታውሱ ይህ ነገር ይገባችኋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ውሃው በሌሊት ሞልቶ ወረደ። ከ250 በላይ ነፍስ ጠፋ። ብዙ ሺህ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ስንት ዓመት የተጠራቀመ ንብረት በአንድ ሌሊት አሸዋ ውስጥ ቀረ። ጌታችን ብልና ዝገት ስለሚያጠፉት መዝገብ ሲናገር ይህን ከተማ እንደሚያውቅ ሆኖ ይሰማኛል። ሆኖም ሲነጋ ድስት ያስፈልጋል። ሕፃኑ የሚጠቀለልበት ያስፈልጋል። ዕቃ ከንቱ ነው ብሎ የሚያስተምር ሰው ያን ጠዋት በዚያ ቢቆም ቃሉን ይመልስ ነበር።

እግዚአብሔርም ዕቃ ከንቱ ነው አላለም። ሕጉን ተመልከቱ። ዘዳግም 24፥6 ላይ የድኻውን ወፍጮም ሆነ መጁን በመያዣ አትውሰድ ይላል፤ ሕይወቱን እንደ መያዝ ነውና። ዘጸአት 22፥26 ላይ ደግሞ የባልንጀራህን ልብስ መያዣ ከወሰድክ ፀሐይ ሳትገባ መልስለት ይላል። ምክንያቱን ሲናገር፣ ሌላ የሚለብሰው የለውም፤ ታዲያ በምን ይተኛል? ብሎ ይጠይቃል። ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ ስለ አንድ ድኻ የሌሊት ልብስ ይጨነቃል። ወደ እኔ ቢጮህ እሰማዋለሁ፣ መሐሪ ነኝና ይላል። እኔ ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ እቆማለሁ።

ቅዱስ ጳውሎስም ቢሆን ታስሮ፣ ሞቱ መቅረቡን እያወቀ፣ ጢሞቴዎስን በጢሮአዳ የተውኩትን በርኖስ አምጣልኝ ብሎታል። መጻሕፍቱንም። ከክረምት በፊት ና አለው። በርዶት ነበር። ሐዋርያ መሆን ብርድ አያስቀርም።

አሁን ወደዚያች ሴት እንመለስ፤ ዋናው ነገር ያለው እሷ ጋ ነውና። ኤልሳዕ ዕቃ ግዢ አላላትም። ከጎረቤቶችሽ ሁሉ ባዶ ማድጋ ተዋሺ፣ ጥቂትም አይሁን አላት። በሯን ዘግታ፣ ልጆቿ እያቀበሏት ቀዳች። አንዱ ሞላ፣ ሌላው ሞላ። በመጨረሻ «ሌላ አምጣልኝ» ስትለው ልጇ ሌላ የለም አላት። ያኔ ዘይቱ ቆመ።

ዘይቱ የወረደው በማን ዕቃ ውስጥ ነው? በጎረቤት ዕቃ። ተአምሩ የተቆረጠው የእግዚአብሔር ቸርነት አልቆ አይደለም፤ ማድጋ አልቆ ነው። ስለ እነዚያ ጎረቤቶች እስቲ እናስብ። ስማቸው አልተጻፈም። አበዳሪ በሯ ላይ ለቆመባት ሴት ዕቃ ማዋስ ያስፈራል። «ነገ ንብረቷን ጠራርጎ ሲወስድ የእኔንም ማድጋ ይዞ ቢሄድስ?» ያሰኛል። ለምን እንደፈለገችውም አልተነገራቸውም። ግን ሰጧት። የሁለት ልጆች ነፃነት በእነዚያ ባዶ ማድጋዎች ውስጥ አለፈ።

ስለዚህ ስንት ዕቃ ይበቃል ብላችሁ ስትጠይቁኝ ቁጥር አልሰጣችሁም። ዕቃችሁ ከበራችሁ መውጣት ይችላል ወይ ብዬ እጠይቃችኋለሁ። ሲጠየቅ የሚወጣ ድስት፣ የታመመ ለመጠየቅ ምግብ ተይዞበት የሚሄድ ምሳ ዕቃ፣ ለቅሶ ቤት የሚዋስ ወንበር፣ እነዚህ ብዙም ቢሆኑ ሸክም አይሆኑም። ተቆልፎ የተቀመጠ ግን አንድም ቢሆን ይከብዳል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን በእድር ሠርተው አሳይተውናል። የእድር ዕቃ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ድንኳኑ ከነብረቱ ጥግ ይዟል። አግዳሚው በአግዳሚ ላይ ተነባብሯል። ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሣው ብረት ድስት አለ። ሳህኖቹ ጀርባቸው ላይ በቀለም ምልክት ተደርጎባቸዋል። ኃላፊው ደብተር ይዞ ቆጥሮ ይሰጣል፤ ቆጥሮ ይረከባል። የሰበረ ይተካል። ለሁለት መቶ ሰው የሚሆን ሳህን ቤቱ የሚያስቀምጥ ሰው የለም፤ ግን የሁላችንም ቤት በችግር ቀን ሁለት መቶ ሳህን አለው። የማኅበሩንም ጽዋ አስቡት። ከቤት ወደ ቤት ይዞራል እንጂ የማንም አይደለም።

ድሬ ላይ ይህ ነገር ከሃይማኖት አጥርም ያልፋል። እርግጥ የሥጋ ድስት ለየብቻ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይቀየምም። ወንበሩ፣ ትሪው፣ ብርጭቆው፣ የውሃ በርሜሉ ግን በኢድም በፋሲካም ግቢ ለግቢ ሲዞር ይውላል። «አቦ፣ ውሰጂው፣ ምን ትጠይቂያለሽ!» ይባላል። ይህን ልማድ እግዚአብሔር ለከተማችን የሰጣት ጸጋ አድርጌ ነው የማየው። አሁን አሁን በየቤቱ ሁሉም የየራሱን ሲገዛ፣ መዋዋስ እንደ ማነስ ሲቆጠር ሳይ ግን እሰጋለሁ። መዋስ የሚያፍር ሰው ማዋስም ይረሳል።

እዚያው ምዕራፍ ላይ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ቁጥር 8ን አንብቡ። ሌላ ሴት ትመጣለች፤ የሱነም ሴት። ይህችኛዋ ባለጸጋ ናት። ኤልሳዕ በዚያ ባለፈ ቁጥር ታበላዋለች። አንድ ቀን ባሏን፣ በሰገነቱ ላይ ትንሽ ቤት እንሥራለት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ እናኑርለት አለችው። አራት ዕቃ። ገንዘብ ስላጣች አይደለም። እንግዳዋ መተኛት፣ መብላት፣ መቀመጥ፣ ማንበብ እንደሚያስፈልገው አስባ ነው። ለታይታ የገባ ነገር የለም። ኤልሳዕም መጥቶ ተኛበት። በእኛም አገር በድሬ ሙቀት ለእንግዳ አልጋና ቬንትሌተር ለቀው፣ እነሱ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተው የሚያድሩ ቤተሰቦች አሉ። እነዚህ የሱነምን ሴት ሳያነቡ ያወቋት ናቸው።

ስለ ልብስ በአጭሩ ልበል። መጥምቁ ዮሐንስ ሕዝቡ «ምን እናድርግ?» ሲሉት ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል አለ። የእርዳታ መመዘኛው ለሁሉም ሁለት ልብስ ይላል፤ ዮሐንስ ግን ከሁለቱ አንዱን ይጠይቃል። በ4ኛው መቶ ዘመን የቂሣርያ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ በሣጥንህ የዘጋህበት ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ ነው፣ ቤትህ የሚበሰብሰው ጫማም ጫማ የሌለው ሰው ንብረት ነው ብሎ አስተምሯል። በሰልባጅ ከተማ ለምንኖር ለእኛ ይህ ቃል በጣም ቅርብ ነው።

እንግዲህ መጀመር የሚፈልግ በቤቱ ካለው ይጀምር። የምትሰጡት የራሳችሁን ይሁን። የባልን ልብስ ሳይጠይቁ፣ የሚስትን ድስት ሳያማክሩ አንሥቶ መስጠት ጠብ ያመጣል እንጂ ምጽዋት አይሆንም። ልጆችም ካሏችሁ የሚሰጡትን ራሳቸው ይምረጡ። ሊጣል የነበረውን አትስጡ። ቁልፉ የወደቀ ሸሚዝ ከሆነ ቁልፍ ይተከልለት። የእናታችሁን ጀበና ስጡ የሚላችሁ የለም፤ ቡና አፍሉበት፣ ጎረቤት ጥሩበት። የቡፌውንም ቁልፍ ክፈቱትና ብርጭቆው ይጠጣበት። ከተሰበረም ይሰበር፤ ሥራውን ሠርቶ ነው።

አንድ ነገር ግን ለድሬ ሰው በተለይ እላለሁ። በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ደራርበን ቁም ሣጥን አናት ላይ የጫንን ብዙዎች ነን። ታኅሣሥ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ወደ ቁልቢ እንወጣለን። ቁልቢ ደጋ ነው፤ በታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። መንገዱን ዳርና ዳር ይዘው፣ ቅጥሩን ተጠግተው የሚያድሩትን ነዳያን ሁላችንም አይተናቸዋል። ስለታችሁን ስትይዙ አንድ ብርድ ልብስ አብራችሁ ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት ታጥቦ ፀሐይ ይምታው። እዚያ ስትደርሱም ከመኪና ሆናችሁ አትወርውሩት፤ ወርዳችሁ፣ ሰላም ብላችሁ፣ በእጃቸው ስጧቸው።