የጥቢ እሸት፦ ከበቆሎ እስከ ሽምብራ

በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ክረምት የሚያበቃው መስከረም 25 ነው። በማግስቱ መጸው ይገባና እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል፤ ገበሬው ጥቢ የሚለው ጊዜ ነው። ደመናው ይገፈፋል፣ ጭቃው ይጠጥራል፣ ደጋው አደይ አበባ ይለብሳል፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፣ ማር የሚቆረጥበት ወራትም ይደርሳል። ከወቅቱ በረከት ሁሉ የሚልቀው ግን እሸት ነው። እያንዳንዱ እሸት የሚጥመው ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ከባለሙያው እጅ ይልቅ የተቆረጠበት ቀን ይወስነዋል።

በቆሎ ወቅቱን ሳይጠብቅ ነሐሴ ላይ ይቀድማል፤ ከእንቁጣጣሽ በኋላም ይቆያል። ጢሙ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ሽፋኑን ገለጥ አድርጎ አንዱን ፍሬ በጥፍር መጫን ነው። ወተት የመሰለ ነገር ከወጣው ደርሷል፤ የጠራ ውሃ ከሆነ ገና ነው፤ ምንም ካልወጣው አልፎበታልና ለንፍሮ ይሁን። ከተቆረጠ በኋላ ስኳሩ ቶሎ ወደ ስታርች ስለሚለወጥ፣ ያደረ በቆሎ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢጠበስ የዕለቱን አያክልም። የሚጠበሰው ነበልባሉ በበረደ ፍም ላይ እየተገላበጠ ነው። ነበልባል ላይ ከተጣደ ላዩ ያርራል፣ ወደ ቆረቆንዳው ያለው ግን ጥሬ ይቀራል።

መስከረም ሲያልቅ ባቄላና አተር ይከተላሉ። ባቄላ ቆባው አረንጓዴና ሙሉ ሆኖ፣ የፍሬው ልጣጭ ገና ስስ ሳለ በጥሬው ይበላል፤ ሲበዛ ግን ሆድ ይነፋል። ልጣጩ ሲጠነክር መቀቀል ወይም ምጣድ ላይ መጥበስ ይሻላል። የባቄላ ጠላት የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ነው። ሰማዩ በጠራ ሌሊት የምድር ሙቀት ወደ ላይ ያመልጣል፣ ቀዝቃዛው አየር ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ስለዚህ ዝቅ ያለው ማሳ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ሲያድር ተዳፋቱ ላይ ያለው ይተርፋል። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውም ለዚሁ ብርድ ነው።

ብዙ ዕውቀት የሚጠይቀው የስንዴና የገብስ እሸት ነው። ፍሬው በጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ የሚሆንበት፣ ዛላው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ሊያዘነብል ያለበት ጊዜ ይመረጣል። ዛላው ከነአገዳው አንድ ስንዝር ያህል ተቆርጦ በእፍኝ ይታሰርና የሚነድ ጭድ ላይ እየተዟዟረ ይለበለባል። ጭድ የሚመረጠው ፈጥኖ ነዶ ስለሚጠፋ ነው፤ ጢሙንና ገለባውን አቃጥሎ ፍሬውን ያበስለዋል እንጂ አያከስለውም። የእንጨት እሳት እሸቱን ያበላሻል። ከዚያ ትኩሱን በመዳፍ ማሸት፣ ሰፌድ ላይ ማንፈስ፣ ሳይቀዘቅዝ መብላት። ስንዴው ወተት እንደያዘ ከተቆረጠ ፍሬው ይጨማደዳል፤ ከደረቀም ቆሎ ነው። ገብስ ገለባው ከፍሬው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ረዘም ላለ ጊዜ መታሸት ይፈልጋል። የመጀመሪያውን እሸት ሳይቀምሱ በኵራት አድርገው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስዱ ምእመናን አሉ፤ ሊጠበቅ የሚገባው መልካም ልማድ ነው።

ሽምብራ መጨረሻ ይመጣል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በጥቁር መረሬ አፈር ላይ ተዘርቶ አፈሩ ባቋተው እርጥበት ስለሚያድግ፣ እሸቱ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይደርሳል። በከተማ ከነቅርንጫፉ በእስር በእስር ይሸጣል። ከንፈር ላይ የሚሰማው ኮምጣጣ ጣዕም ከቅጠሉና ከቆባው ጥቃቅን ጸጉሮች የሚወጣ አሲድ እንጂ ብልሽት አይደለም። ቆባው ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ ግን ጓይ ትል ገብቶበታል። ፀረ ተባይ ተረጭቶ ሊሆን ስለሚችል ከማሳ የመጣውን አጥቦ መብላት ይገባል።

በዚያው አፈር፣ በዚያው ወራት የሚደርሰውን ጓያ ከሽምብራ መለየት የግድ ነው። የሽምብራ ቆባ ያበጠና ጸጉራም ሲሆን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ይይዛል፤ የጓያ ቆባ ጠፍጣፋ ነው፣ ቅጠሉም እንደ ሣር ረዥምና ቀጭን ነው። ጓያን ለሳምንታት አዘውትሮ ዋነኛ ምግብ ማድረግ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ጉዳቱም አይመለስም። እሸቱን በጥሬው መብላት በተለይ አደገኛ ነው፣ መጥበስም መርዙን አያጠፋውም። የደረቀው ፍሬ ሲዘፈዘፍና ውሃው ሲደፋ መርዙ ይቀንሳል፤ እሸቱን ግን ማንም ዘፍዝፎ አይበላውምና ለልጆች አለመስጠት ነው።