ስክሪኑ ቀይ ሲሆን፦ ስለ ቤት ቪዲዮ ፋይሎች አያያዝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው እሁድ የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ታቅፋ እዚህ ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ሰፈር እኔ ያለሁበት ከዚራ ድረስ መጣች። የእናቷን የቁልቢ ጉዞ ቪዲዮ ኤዲት አድርጋ ጨርሳ ነበር። አሁን ስትከፍተው ስክሪኑ ቀይ ብቻ ነው፤ «ሚዲያ ኦፍላይን» ይላል። አክስቴ ደግሞ ዘንድሮ እግሯን አሟት ቁልቢ አልወጣችም። ያንን ቪዲዮ ነው የምትጠብቀው።

ደግነቱ ቪዲዮው አልጠፋም፤ ሁለት ሰዓት ፈልገን አገኘነው። እንዲህ ያለ ችግር ይዞ የሚመጣ ሰው ስለበዛ ግን ደጋግሜ የምሰማቸውን ልጻፋቸው።

«ፕሮጀክቱን ሴቭ አድርጌዋለሁ፣ ቪዲዮው እዚያው ውስጥ አለ»

የለም። ከሁሉም ብዙ ሰው የሚያስለቅሰው ይሄ ነው። የፕሮጀክት ፋይል ቪዲዮውን አይዝም። የሚይዘው አድራሻ ነው፦ የትኛው ክሊፕ የት ፎልደር እንዳለ፣ የቱ ጋ እንደተቆረጠ፣ የትኛው መዝሙር ከስር እንደገባ። ክሊፖቹ 40 ጊጋባይት ሆነው ፕሮጀክቱ ጥቂት ሜጋባይት የሚሆነው ለዚህ ነው። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑ ሲሞላባት ክሊፖቹን ከዴስክቶፕ ወደ ሃርድ ዲስክ አዛወረች፤ የፎልደሩንም ስም ቀየረች። ፕሮግራሙ የድሮውን አድራሻ ይዞ ሄደና ባዶ ቤት አገኘ።

ስለዚህ ለአንድ ዝግጅት አንድ ዋና ፎልደር ክፈቱ። ውስጡ «ኦሪጅናል»፣ «ድምፅ»፣ «ፎቶ»፣ «ፕሮጀክት»፣ «ያለቀ» የሚሉ ፎልደሮች ይኑሩ። ኤዲቲንግ ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉም ነገር በየቦታው ይግባ። ከዚያ በኋላ ማዛወር ካስፈለገ ዋናውን ፎልደር እንዳለ ነው። ቀዩ ስክሪን ከመጣ ደግሞ አትደንግጡ፤ ፕሮግራሙ ውስጥ «ሪሊንክ» የሚለውን ፈልጋችሁ አዲሱን ቦታ አሳዩት።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን የኤዲቲንግ ፕሮግራም የምትጠቀሙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፕሮጀክቱን የሚያስቀምጠው በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ ፎልደሩን ኮፒ ስታደርጉ አብሮ አይመጣም። ፕሮጀክቱን ኤክስፖርት አድርጋችሁ «ፕሮጀክት» ፎልደር ውስጥ ክተቱት። ስልክ ላይ በካፕከት የምትሠሩ ደግሞ አፑን ካጠፋችሁት ስልኩ ላይ ያሉት ድራፍቶችም አብረው ይሄዳሉ።

«ስሙን ቁልቢ ካልኩት ይበቃል»

ቁልቢ ገብርኤል በዓመት ሁለቴ ነው፣ ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19። በሦስት ዓመት ስድስት «ቁልቢ» ይኖራችኋል። ቀኑን ከፊት አስቀድሙ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ወሩ በቁጥር ይሁን፤ በስም ከጻፋችሁት ኮምፒውተሩ በፊደል ተራ ስለሚደረድር ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል። እዝባርም አይሆንም፤ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበለውም። ሰረዝ አድርጉ።

እኛ አገር ሌላም ጣጣ አለ። ካሜራው ታህሳስ 19 ቀን 2017ን 2024-12-28 ብሎ ነው የሚመዘግበው። እናንተ ደግሞ 2017-04-19 ብላችሁ ብትጽፉ፣ ነገ የሚያየው ሰው በፈረንጅ የሚያዝያ ወር ሊመስለው ይችላል። እኔ ሁሉንም «2017-04-19 ዓ.ም ቁልቢ» እያልኩ ነው የምጽፈው። እናቴም ፈልጋ ታገኘዋለች። የፈረንጁን ከመረጣችሁም ጥሩ፤ ብቻ አትቀላቅሉ።

«ከሁሉም ሰው የሰበሰብኩትን አንድ ፎልደር ውስጥ ልገልብጠው»

እዚህ ጋ ነው ሰርግ የሚጠፋው። ብዙ ካሜራ የፋይል ቁጥሩ 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል። የሁለት ሰው ካሜራም አንድ ዓይነት ስም ሊሰጥ ይችላል። ሁለተኛውን ካርድ በላዩ ስትገለብጡ ኮምፒውተሩ «ልተካው?» ብሎ ይጠይቃል። ደክሟችሁ እሺ ያላችሁ እንደሆነ የመጀመሪያው ሄደ። «ኦሪጅናል» ውስጥ ለእያንዳንዱ ካርድና ስልክ የራሱን ፎልደር ስጡት፦ «ካርድ 1»፣ «ካርድ 2»፣ «የአበበች ስልክ»። የክሊፖቹን ስም አንድ በአንድ መቀየር አያስፈልግም።

«ኤዲት አድርጌ ጨርሻለሁ፣ ኦሪጅናሉን ላጥፋ»

ያለቀው ቪዲዮ የተጨመቀ ነው፤ የቆረጣችሁትም ውስጡ የለም። ዛሬ ረዘመ ብላችሁ ያወጣችሁት የአያት ምርቃት ነገ የምትፈልጉት እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። እርግጥ ቦታ ይበላል። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀዳ ፎር ኬ ቪዲዮ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይወስዳል። ቦታ ሲጠብ ግን የሚጠፋው ካሽ (ፕሮግራሙ ለሥራው የሚያስቀምጣቸው ጊዜያዊ ፋይሎች) እና ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ የሚሠራቸው ቀለል ያሉ የክሊፖቹ ቅጂዎች) ነው። እነሱን ፕሮግራሙ እንደገና ይሠራቸዋል።

«ቴሌግራም ላይ አለልኝ»

እንደ ቪዲዮ ከተላከ ተጨምቋል። እንደ ፋይል ሲላክ ነው ጥራቱ የሚጠበቀው።

«ሃርድ ዲስክ ላይ ስላለ አይጠፋም»

ሃርድ ዲስክ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ አንድ ቀን አልነሳም ይላል። ድሬዳዋ ላለን ደግሞ የደቻቱ ወንዝ አለ። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። በዚያ ሐዘን ፊት ስለ ቪዲዮ ማውራት ይከብዳል። ግን ውሃ ቤት ሲገባ አልበሙንም ካሴቱንም አይተውም።

ስለዚህ ሁለተኛው ኮፒ እዚያው መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ። ወንድሜ ሐረር ነው፣ ጀጎል ውስጥ። የኔ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ እሱ ቤት ነው፤ የሱ እኔ ጋ። ለበዓል ስንገናኝ አዲሱን ገልብጠን እንለዋወጣለን። የአክስቴ ቁልቢም በሚቀጥለው ጉዞ ወደ ሐረር ይወጣል።